የምራቅ ምርመራው ስለ ዓይኔ ምን ነገረኝ?

ዋናውን ነገር አስቀድሜ ልናገር። «የአባቴ የዓይን በሽታ ወደ እኔ ይመጣል ወይ?» ብላችሁ የዘረመል መመርመሪያ ኪት ልትገዙ ካሰባችሁ፣ ኪቱ ይህን አይመልስላችሁም። እኔ ገዝቼ፣ ምራቄን ልኬ፣ ውጤቱን ከላይ እስከ ታች አንብቤዋለሁ። ለሌላ ነገር ጠቅሞኛል፤ እሱንም እነግራችኋለሁ። ስለ ዓይኔ የነገረኝ ግን ሌላ መሣሪያ ነው። በቤተሰብ ሐኪሜ ክሊኒክ ውስጥ ያለ ካሜራ። ስለ ሁለቱም ነው የምጽፈው።

የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው። ሥራዬ ልብስ ስፌት ነው። ቀን በአንድ ላውንደሪ ውስጥ ሱሪ አሳጥራለሁ፣ ዚፕ እቀይራለሁ። ማታ ማታ ቤቴ ለሠርግና ለክርስትና የሚሆን የሐበሻ ቀሚስ እሰፋለሁ። ጥቁር ሱሪ በጥቁር ክር ሲሰፋ ዓይን ምን ያህል እንደሚለፋ የሠራ ያውቀዋል። ዓይነት ሁለት የስኳር በሽታ አለብኝ። ከተነገረኝ ቆይቷል።

አባባም ስኳር ነበረበት። ኮምቦልቻ ላይ ልብስ ሰፊ ነበር፤ ሙያውን ያስተማረኝ እሱ ነው። መጀመሪያ መርፌ ማስገባት አቃተው፤ እኛ ልጆቹ ክሩን እያስገባን እንሰጠው ነበር። ከዚያ ልኬት ማንበብ አቃተው። ሰፈሩ ሁሉ «ሞራ ነው፣ ይገፈፍለታል» ይል ነበር። አዲስ አበባ ተወስዶ ሲታይ ግን ሞራ አልነበረም። ስኳሩ የዓይኑን የውስጥ ግድግዳ፣ ሬቲናውን ጎድቶታል፤ ደም ፈስሶበታል። ያን ጊዜ ብዙ የሚደረግ ነገር አልተረፈም ነበር። ታላቅ ወንድሜም አሁን ስኳር አለበት፤ አዲስ አበባ ነው ያለው። እንግዲህ ጥያቄው ለእኔ የቤት ጥያቄ ነው።

ኪቱ በፖስታ መጣ። ዋጋው ወደ 200 ዶላር ነበር፤ የጤናውን ክፍል ጨምሮ ማለት ነው። የዘር ሐረግ ብቻ የሚያሳየው ርካሽ ነው፤ ለጤና ብላችሁ ከሆነ እሱን አትግዙ። ሣጥኑ ውስጥ ፈንጠዝያ የለም፦ የፕላስቲክ ቱቦ፣ ክዳን፣ መመለሻ ፖስታ። ከመትፋቱ በፊት ግማሽ ሰዓት ምግብም ውሃም አይቀመስም። ቱቦው መስመሩ ድረስ እስኪሞላ መትፋት ከምታስቡት በላይ ጊዜ ይወስዳል፤ አረፋው አይቆጠርም። ክዳኑ ሲዘጋ ውስጡ ያለው ፈሳሽ ይወርድና ከምራቁ ጋር ይቀላቀላል። መመሪያው በሥዕል ስለሆነ እንግሊዝኛ የማያነብ ሰውም ይሠራዋል። በዚህ በኩል ምንም ቅሬታ የለኝም።

ውጤቱ ሲመጣ በቀጥታ «ዓይን» የሚለውን ፈለግሁ። አገኘሁ! «ዕድሜ የሚያመጣው የማኩላ ድክመት» ይላል፤ አደጋዬ ከፍ ያለ አይደለም ይላል። እዚህ ላይ ቆም በሉ። ይህ ሌላ በሽታ ነው። ማኩላ የሚባለው የሬቲናው መሃል፣ አጥርተን የምናይበት ቦታ ነው። የማኩላ ድክመት በዕድሜ የሚመጣ ነው፤ ኪቱ የሚያየውም ከሱ ጋር ግንኙነታቸው በደንብ የታወቀ ሁለት የዘረመል ቦታዎችን ነው። ከስኳር ጋር የሚመጣው ጉዳት፣ ሐኪሞች ዲያቤቲክ ሬቲኖፓቲ የሚሉት፣ ሪፖርቱ ውስጥ የለም። ስኳር ያለበት ሰው «አደጋህ ከፍ ያለ አይደለም» የሚለውን አይቶ «ዓይኔ ደህና ነው» ብሎ ቢዘጋው አልፈርድበትም። ሪፖርቱ ግን ይህን ልዩነት በትልቁ መጻፍ ነበረበት። ትልቁ ቅሬታዬ ይህ ነው።

ስለ ስኳር በሽታ ራሱ የሚናገር ገጽም አለ። ዓይነት ሁለት ስኳር የመያዝ ዕድልን ከብዙ ትናንሽ የዘር ልዩነቶች ደምሮ ያሰላል። እኔ በሽታው ስላለብኝ አዲስ ነገር አልነገረኝም። ለልጆቼ ግን ቢያንስ ወሬ መክፈቻ ሆኗል። ስሌቱ ትክክለኛነቱ እንደ ሰው የዘር ምንጭ እንደሚለያይም ራሱ ጽፎታል። እውነቱን ነው፤ እንዲህ ያሉ ጥናቶች የተሠሩት በአብዛኛው አውሮፓዊ ዘር ባላቸው ሰዎች ላይ ነው።

ታዲያ ሬቲኖፓቲ ለምን የለም? በዘር የሚተላለፍ ነገር ስለሌለው ነው? አይደለም። አለው። በ1982 (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው) ለንደን ውስጥ ሌስሊና ፓይክ የተባሉ ሐኪሞች ስኳር ያለባቸውን መንትዮች ዓይን አይተው ነበር። አንድ ዓይነት መንትዮች ናቸው፤ ዘራቸው አንድ ነው። ዓይነት ሁለት ስኳር ካለባቸው 37 ጥንዶች ውስጥ በ35ቱ የሁለቱም መንትዮች ዓይን ሁኔታ ተመሳሳይ ነበር። በ1997 የወጣ የአሜሪካ ትልቅ ጥናት ደግሞ በቤተሰቡ ውስጥ ከባድ የሬቲና ጉዳት ያለበት ዘመድ ያለው የስኳር ታማሚ፣ ራሱም በከባዱ የመያዝ ዕድሉ 3 እጥፍ ያህል መሆኑን አሳይቷል። እንግዲህ «በዘራችን አለ» የሚሉት እናቶቻችን ዝም ብለው አይደለም የሚሉት። ተመራማሪዎች ከሰው ሰው ከሚታየው ልዩነት ከሩብ እስከ ግማሽ ያህሉን ለዘር ይሰጡታል።

ችግሩ የትኛው ዘረመል እንደሆነ ለይቶ መያዙ ላይ ነው። ስኳርን ወደ ሶርቢቶል የሚቀይረውን ኢንዛይም የሚሠራው ዘረመል ተጠርጥሯል። አዳዲስ የደም ሥር እንዲበቅል የሚያዘው ቬጂኤፍ የሚባለው ተጠርጥሯል። ቀይ የደም ሴል እንዲመረት የሚያዘው ኤሪትሮፖየቲን ተጠርጥሯል። አንዱ አገር የተገኘው ሌላ አገር ሲፈተሽ ይጠፋል። ለምን ቢባል፣ ሁለት ትልልቅ ነገሮች ዘሩን ይሸፍኑታል፦ ስኳሩ ስንት ዓመት ቆየ፣ ምን ያህልስ ከፍ ብሎ ቆየ። ዓይኑ ዛሬ ንጹህ የሆነ ሰው ዘሩ ጠብቆት ነው ወይስ በሽታው ገና አምስት ዓመቱ ስለሆነ? ይህን መለየት ቀላል አይደለም። በአሜሪካ ዊስኮንሲን ግዛት የተደረገው ረጅም ጥናት እንዳሳየው ስኳር 20 ዓመት ሲሞላው ዓይነት አንድ ካለባቸው ሁሉም ለማለት ይቻላል፣ ዓይነት ሁለት ካለባቸው ደግሞ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት የሆነ ደረጃ ላይ ያለ የሬቲና ጉዳት ይኖራቸዋል። ስለዚህ ማንም ኩባንያ «የስኳር ዓይን አደጋህ ይህን ያህል ነው» የሚል ቁጥር ቢሸጥላችሁ ገንዘባችሁን ያዙ።

የዘር ምርምሩ ግን ከንቱ አልቀረም፤ ይህንንም ማለት አለብኝ። ቬጂኤፍ ለምራቅ ምርመራ ባይሆንም ለመድኃኒት ሆኗል። በ1994 የስኳር ታማሚዎች ዓይን ፈሳሽ ውስጥ በብዛት ተገኘ። ዛሬ ዓይን ውስጥ የሚወጉት አቫስቲን፣ ሉሴንቲስ፣ አይሊያ የሚባሉት መርፌዎች እሱን የሚያግዱ ናቸው። አባባ በታመመበት ዘመን እነዚህ አልነበሩም።

አሁን ወደ ኪቱ ጠቃሚ ገጽ ልምጣ። እኔ የገዛሁት «ጂ ሲክስ ፒ ዲ እጥረት» የሚል ሪፖርት አለው። ጂ ሲክስ ፒ ዲ ቀይ የደም ሴልን ከጉዳት የሚጠብቅ ኢንዛይም ነው። ብዙ ሰው አልፎት ይሄዳል፤ ባቄላ ሲበላ ወይም የተወሰነ የወባ መድኃኒት ሲወስድ ደሙ የሚፈርስበት ሰው ላይ ያለ ችግር ነው ተብሎ ስለሚታወቅ። የስኳር ታማሚ ግን ማንበብ ያለበት ይህን ነው።

ምክንያቱ ይኸውላችሁ። ሐኪሙ ስኳራችንን የሚከታተለው «ኤ ዋን ሲ» በሚባለው የደም ምርመራ ነው። ቀይ የደም ሴል ላይ የተለጠፈውን ስኳር ይለካል፤ የሁለት ሦስት ወር አማካይ ይነግረናል። ይህ የሚሠራው ቀይ ሴሉ ዕድሜውን በደንብ ከኖረ ነው። ጂ ሲክስ ፒ ዲ የሚያንሰው ሰው ቀይ ሴሎቹ ቶሎ ይሞታሉ። ስኳር ለመሰብሰብ ጊዜ አያገኙም። ስለዚህ ቁጥሩ ከእውነተኛው ስኳር በታች ሆኖ ይወጣል። በ2017 የወጣ ሰፊ ጥናት በጥቁር አሜሪካውያን ዘንድ የሚገኘው አንዱ የዘር ልዩነት በወንዶች ላይ ኤ ዋን ሲን በ0.8 ያህል ዝቅ እንደሚያደርግ አሳይቷል። ወረቀቱ ላይ 6.8 የሚል ሰው በእውነት 7.6 ሊሆን ይችላል ማለት ነው። ሐኪሙም «ጎበዝ፣ በዚሁ ቀጥል» ይለዋል፤ መድኃኒቱ አይጨመርለትም፤ ዓይኑ ግን ይጎዳል። በ2024 ደግሞ የአሜሪካን የቀድሞ ወታደሮች መረጃ የመረመሩ ሰዎች ይህ እጥረት ያለባቸው ጥቁር የስኳር ታማሚዎች የሬቲናና የነርቭ ጉዳት በብዛት እንደሚደርስባቸው አገኙ። ዓይን ላይ በቀጥታ ሳይሆን በመለኪያው በኩል የሚጎዳ ዘር ማለት ይህ ነው። ባነበብሁ ጊዜ በጣም ተገርሜ ለሥራ ባልደረባዬ ወዲያው ነገርኋት፤ እሷ የጋና ሰው ናት፣ ባሏም ስኳር አለበት።

ዘሩ ወባ ካለበት አገር ጋር የተያያዘ ነው፤ ከወባ ስለሚከላከል በዚያ በዛ። በጾታ ክሮሞሶም ላይ ስላለ ወንዶችን ይበልጥ ይነካል። እኛ ዘንድ በደጋው ሕዝብ ብዙም አይገኝም፤ እንደ ጋምቤላ ባለው ቆላ ግን ከፍ ይላል። የእኔ ውጤት «አልተገኘም» ይላል። ኪቱ የሚያየው የታወቁ ጥቂት ልዩነቶችን ብቻ ስለሆነ ነገሩን ሙሉ በሙሉ አይዘጋውም። እናንተ ኪት ሳትገዙም ይህን ማጣራት ትችላላችሁ። ጣታችሁን ወግታችሁ ቤት የምትለኩት ስኳር ሁልጊዜ ከፍ እያለ ኤ ዋን ሲያችሁ «ቆንጆ» ከሆነ ለሐኪሙ ንገሩት። ፍሩክቶሳሚን የሚባል ሌላ የደም ምርመራ አለ፤ በቀይ ሴል ዕድሜ ላይ አይመሠረትም። የጂ ሲክስ ፒ ዲ ምርመራም በተራ ላቦራቶሪ ይሠራል።

ስለ ምስጢር አጭር ነገር። ምራቃችሁን ስትልኩ የእናንተን ብቻ አይደለም፣ የልጆቻችሁንና የወንድሞቻችሁንም ዘር እየላካችሁ ነው። ከእነዚህ ኩባንያዎች በጣም የታወቀው ትወንቲ ስሪ ኤንድ ሚ በ2023 የ6.9 ሚሊዮን ያህል ደንበኞች መረጃ ተሰርቆበታል፤ በ2025 መጋቢት ላይ ደግሞ የኪሳራ ጥበቃ ጠይቋል። አሜሪካ ውስጥ በ2008 የወጣው ሕግ የጤና ኢንሹራንስና ቀጣሪ በዘር ውጤት እንዳያገልሏችሁ ይከለክላል። የሕይወት ኢንሹራንስን ግን አይጨምርም። የሕይወት ኢንሹራንስ ልትገቡ ካሰባችሁ እሱን አስቀድሙ።

አሁን ካሜራው። የቤተሰብ ሐኪሜ ክሊኒክ ውስጥ፣ ክብደት ከሚለኩበት ክፍል አጠገብ አስቀምጠውታል። የስኳር ቀጠሮዬ ዕለት ነርሷ «ዓይንሽን እዚሁ ላንሳሽ፣ ሌላ ቦታ መሄድ አያስፈልግሽም» አለችኝ። አገጭን ማስቀመጫ አለው፣ ግንባርን ማስደገፊያ አለው። ውስጡን ስታዩ ትንሽ ብርሃን አለች፤ እሷን ብቻ ማየት ነው። ከዚያ ቦግ! ለአፍታ ሁሉም ነገር ሐምራዊ ይሆናል። ለእያንዳንዱ ዓይን ከአንድ በላይ ፎቶ ያነሣሉ። አያምም፣ አይነካም።

ፎቶውን የሚያነበው ሰው አይደለም፤ ኮምፒውተር ነው። ያለ ዓይን ሐኪም ራሱ ውሳኔ እንዲሰጥ የአሜሪካ የመድኃኒት ባለሥልጣን የመጀመሪያውን እንዲህ ያለ ሥርዓት የፈቀደው በ2018 ሚያዝያ ላይ ነው፤ ያኔ አይ ዲ ኤክስ ዲ አር ይባል ነበር። በ900 የስኳር ታማሚዎች ላይ ተፈትኖ ከቀላል ደረጃ ያለፈ ጉዳት ካለባቸው ወደ 87 በመቶውን፣ ከሌለባቸውም ወደ 90 በመቶውን በትክክል ለይቷል። መልሱ ሁለት ነው፦ ወይ «ከዓመት በኋላ ተመለሺ»፣ ወይ «የዓይን ሐኪም ዘንድ ሂጂ»።

ቅሬታ አለኝ። የግራ ዓይኔ ብሌን ጠባብ ሆኖ ፎቶው አልጠራም። ጠብታ ጨመሩልኝ። ጠብታ ሊኖር እንደሚችል ግን ቀጠሮ ስይዝ ማንም አልነገረኝም። መኪና ይዤ ነበር የሄድሁት። ፀሐዩ ዓይኔን እየወጋኝ ባሌ እስኪመጣ ጠበቅሁ፤ ያን ቀን ከሰዓት በኋላ መርፌም ክርም አላየሁም። ስትሄዱ ጥቁር መነጽርና የሚነዳላችሁ ሰው ይዛችሁ ሂዱ።

የእኔ መልስ «የዓይን ሐኪም ዘንድ ሂጂ» የሚል ነበር። ደነገጥሁ፤ ምክንያቱም በደንብ ነው የማየው። የሬቲና ሐኪሟ ግን ፎቶዬን ስክሪን ላይ አስፍታ አሳየችኝ። ብርቱካናማ መሬት ላይ ቢጫ ክብ፤ ከሱ የሚወጡ ቀይ መስመሮች። መስመሮቹ አጠገብ መርፌ የወጋ የሚመስሉ ቀይ ነጥቦች። «እነዚህ የደም ሥሩ ግድግዳ ላልቶ ያበጠባቸው ቦታዎች ናቸው» አለችኝ። እንደ ላላ ስፌት ማለት ነው፤ ገና አልተተረተረም፣ ግን ይዞ አልያዘም። ሁለት ሦስት ቦታ ደም ጠብ ብሏል። ማኩላዬ አላበጠም። መካከለኛ ደረጃ ነው፤ መርፌም ሌዘርም አሁን አያስፈልግም፤ ስኳሬንና ደም ግፊቴን አስተካክዬ ከስድስት ወር በኋላ ልመለስ ተባልሁ። ስለ አባባ ስነግራት በጥንቃቄ ጻፈችው። «የዘር ምርመራ ላድርግ?» አልኋት። «አባትሽን ነገርሽኝ እኮ፤ ከዚህ የበለጠ የሚነግረኝ ኪት የለም» አለችኝ።

ስኳሩን ማስተካከል ምን ያህል ይጠቅማል? በ1993 የወጣው ትልቁ የዓይነት አንድ ጥናት ስኳራቸውን በጥብቅ የያዙ ሰዎች አዲስ የሬቲና ጉዳት በ76 በመቶ እንደቀነሰላቸው አሳይቷል። ዘር ሳይቀየር ማለት ነው። ሆኖም ስኳሩን በአንድ ጊዜ በኃይል ማውረድ ዓይንን ለጊዜው ሊያባብሰው ይችላል፤ ስለዚህ እንደ ኦዜምፒክ ያለ መድኃኒት ልትጀምሩ ከሆነ አስቀድማችሁ ዓይናችሁን ታዩ።

ካሜራው የሚፈልገው የስኳርን ጉዳት ብቻ መሆኑንም እወቁት። ሞራን አይነግራችሁም፣ ግላኮማንም አይነግራችሁም። የዓይን ሐኪም ምርመራን አይተካም። ግን እንደ እኔ ከሥራ መውጣት ለሚቸግረው፣ የዓይን ቀጠሮውን ዓመት ሙሉ ሲያስተላልፍ ለኖረ ሰው፣ ከደም ምርመራው ጎን በጥቂት ደቂቃ መነሣቱ ትልቅ ነገር ነው። የእኔ ኢንሹራንስ ከፍሎታል። የእናንተን አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ነጥብ ስጪ ካላችሁኝ፣ ካሜራው ከ5 5። ጠብታውን ባለመናገራቸው የምቀንሰው ከክሊኒኩ ነው እንጂ ከካሜራው አይደለም። ኪቱ ለስኳር ዓይን ከ5 1፤ ለዚያ ለጂ ሲክስ ፒ ዲ ገጽ ስል 2 አደርገዋለሁ።

ለወንድሜ ደወልሁለት። «ወንድም ጋሼ፣ ዓይንህን ታየው» አልሁት። «እታለም፣ እኔ እኮ አንበሳ ነኝ፣ ጋዜጣ ያለ መነጽር ነው የማነበው» አለኝ። የእኔን የሬቲና ፎቶ በቴሌግራም ላክሁለትና እኔም በደንብ እንደማይ ነገርሁት። ዝም አለ። በማግሥቱ ራሱ ደወለ። ኪቱን ልግዛልህ አላልሁትም፤ ዋጋውን ልኬለታለሁ፣ ለሬቲና ሐኪም እንዲከፍልበት። ቀጠሮው ከፋሲካ በኋላ ነው፤ ልጁ ትወስደዋለች።